የደን ሀብት ቆጠራና የቡና ንግድ
አረንጓዴ ሆኖ መታየት ብቻውን ደን አለ አያሰኝም

ነጋዴ ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ መጋዘኑን ዘግቶ ያለውን ዕቃ ይቆጥራል። ቆጠራውን የሚያደርገው ግብር ለመክፈል ብቻ አይደለም፤ ዋናው ገንዘብ ሳይጎድል መቆየቱንና ትርፍ ብሎ ለቤቱ ያወጣው ገንዘብ እውነተኛ ትርፍ መሆኑን ለማረጋገጥ ጭምር ነው። ይህን ያላደረገ ነጋዴ ሱቁ ክፍት ሆኖ፣ ደንበኛም እየገባ እየወጣ፣ ዋናውን ሲበላ ኖሮ ሳያውቀው ከኪሳራ ላይ ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሕግ ለሱቅ ዕቃ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ለአገራችን የውጭ ንግድ ዋነኛ ምሰሶ ከሆኑት አንዱ ቡና ነው፤ የቡናም መነሻ ቤቱ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና በባሌ የሚገኘው የተፈጥሮ ደን ነው። ደኑ ዋና ገንዘብ ነው፤ ከደኑ የሚለቀመው ቡና፣ የሚቆረጠው ማር፣ የሚሰበሰበው ኮረሪማና ጥምዝ ደግሞ ትርፍ ነው። እንግዲህ ዋናው ገንዘብ ሙሉ መሆኑ በምን ይታወቃል? ደኑስ እንደ ሸቀጥ ሊቆጠር ይችላልን? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚቆጠረው ምንድን ነው?

በደን ውስጥ የሚገኘውን የፍጥረት ብዛትና ልዩነት ሊቃውንት «ብዝኃ ሕይወት» ብለው ይጠሩታል። ይህ ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይይዛል። የመጀመሪያው የመኖሪያ ስፍራዎች ልዩነት ነው፤ ወንዝ ዳር፣ ረግረግ፣ ደጋማው ደንና ቆላማው ደን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ነዋሪ አላቸው። ሁለተኛው የዝርያዎች ልዩነት ነው፤ ይኸውም ዋንዛው፣ ቀረሮው፣ ሰሳው፣ ሐረጉ፣ ወፉ፣ ንቡና ሌላው ሁሉ ነው። ሦስተኛው በአንዱ ዝርያ ውስጥ ያለው የዘር ልዩነት ነው፤ ሁለት የቡና ዛፎች ጎን ለጎን በቅለው አንዱ በሽታ ሲጥለው ሌላው ሳይነካ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

ነገሩን ወደ ገበያ አምጥተን ብናየው፣ የመጀመሪያው የሱቆች ልዩነት፣ ሁለተኛው በየሱቁ ያለው የዕቃ ልዩነት፣ ሦስተኛውም በአንዱ ዕቃ ውስጥ ያለው የዓይነትና የደረጃ ልዩነት እንደ ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የቆጠረ ሰው ገበያውን አውቄዋለሁ ሊል አይችልም።

ጉዳዩ ወደ ነጋዴው ጠረጴዛ ስለ ምን መጣ?

ከባሕር ማዶ ገዢዎች የሚመጡት ደብዳቤዎች ከዚህ ቀደም በብዛት የሚጠይቁት ስለ ክብደት፣ ስለ ርጥበት፣ ስለ ጉድለት ብዛትና ስለ ጣዕም ነበር። አሁን ግን ቡናው የበቀለበት መሬት የት እንደሆነና ከመሬቱ ላይ ደን ተመንጥሮ እንደሆነም ይጠይቃሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ምንጠራ መከላከያ ደንብ ነው። ደንቡ ሰባት ሸቀጦችን ይመለከታል፤ እነርሱም ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት ናቸው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደኑ ተመንጥሮ ወደ እርሻ በተለወጠ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ቡናው የተመረተበት መሬትም በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። መሬቱ ከ4 ሄክታር የበለጠ ከሆነ ድንበሩ በሙሉ ዙሪያውን መነደፍ አለበት። የደንቡ መፈጸሚያ ቀን በ2024 እና በ2025 መጨረሻ ላይ ሁለት ጊዜ እንዲራዘም ቢደረግም፣ የጊዜው መራዘም ጥያቄውን አላስቀረውም።

ዳሩ ግን ነጋዴው ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ደንቡ ደን የሚለው ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ፣ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ዛፎች ያሉበትና የዛፎቹ ጥላ ከመሬቱ ከ10 በመቶ የበለጠውን የሚሸፍን መሬትን ነው። ኢትዮጵያ ለራሷ የያዘችው ትርጓሜ ደግሞ በቁመት 2 ሜትር፣ በጥላ 20 በመቶ ይላል። ሁለቱም ትርጓሜዎች የሚጠይቁት «ዛፍ አለን?» ብለው ነው፤ «በዛፎቹ መካከልና ከሥራቸው ማን ይኖራል?» ብለው አይጠይቁም። የሳተላይት ሥዕልም ከሰማይ ሆኖ የሚያየው የጣራውን አረንጓዴነት እንጂ የቤቱን ውስጥ አይደለም። ስለዚህ አንድ መሬት በደንቡ ፊት ደን ሆኖ እየተቆጠረ፣ በውስጡ ያለው ሀብት ግን ቀስ በቀስ ሊያልቅ ይችላል።

ቡና ከደን ጋራ የሚኖርባቸው መንገዶች

በአገራችን ቡና በአራት መንገድ ይመረታል። የመጀመሪያው የደን ቡና ነው፤ በተፈጥሮ ደን ውስጥ ራሱ በቅሎ አፍርቶ የሚለቀም ሲሆን የሰው እጅ እምብዛም አይነካውም። ሁለተኛው ከፊል የደን ቡና ነው፤ ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦና ሐረግ ይመነጥራል፣ የበዛውን ጥላ ያሳሳል፣ ባዶ በሆነው ቦታ ላይም የቡና ችግኝ ይተክላል። ሦስተኛው የጓሮ ቡና፣ አራተኛው በሰፊ እርሻ የሚለማው ቡና ነው።

ከእነዚህ መካከል የቆጠራው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በሁለተኛው ላይ ነው። ከፊል የደን ቡና ሙሉ ደንም አይደለም፤ ሙሉ እርሻም አይደለም። ገበሬው ምንጠራውን በመጠን ካደረገ ደኑም ይኖራል፣ ምርቱም ይጨምራል። መጠኑን ካለፈ ግን ጣራው ሳይፈርስ ቤቱ ይራቆታል። የመጠኑን ልክ ለማወቅ ደግሞ ከመለካት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ሊቃውንት እንዴት ይቆጥራሉ?

ደንን በሙሉ ዛፍ በዛፍ መቁጠር አይቻልም፤ ስለዚህ ናሙና ይወሰዳል። የቡና መርማሪ ከአንድ ጭነት ሁሉንም ጆንያ ሳይፈታ ከልዩ ልዩ ጆንያ ጥቂት ጥቂት ወስዶ የጭነቱን ጠባይ እንደሚያውቅ፣ የደን መርማሪም ከደኑ ልዩ ልዩ ክፍል ትናንሽ መደቦችን ይመርጣል። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መደብ በእያንዳንዱ ጎን 20 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ስፋቱም 400 ካሬ ሜትር ነው። ከእንደዚህ ያለው መደብ 25ቱ አንድ ሄክታር ይሞላል። መደቦቹ የሚመረጡት በዕጣ ወይም በተወሰነ ርቀት እንጂ መርማሪው ደስ ባለው ስፍራ አይደለም፤ ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ የተወሰደ ናሙና እንደማይታመን ሁሉ፣ ከመንገድ ዳር ብቻ የተወሰደ መደብም አይታመንም።

በየመደቡ ውስጥ ያለው ዛፍ ሁሉ በስሙ ይመዘገባል፤ ግንዱም ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ በሰው ደረት ትክክል ይለካል። ከዚያም በትልቁ መደብ ውስጥ በተከለለ አነስተኛ መደብ ቡቃያውና ችግኙ ይቆጠራል። ለወፎች በጠዋት በተወሰነ ስፍራ ቆሞ ድምፃቸውን መስማትና መመዝገብ፣ ወይም በዓይን በማይታይ ስስ መረብ ይዞ ቀለበት አድርጎ መልቀቅ የተለመደ ነው። ለአራዊት እንስሳው ሲያልፍ ራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ በዛፍ ላይ ይታሰራል።

ስንት መደብ ይበቃል? ለዚህም ቀላል ምልክት አለ። በመጀመሪያዎቹ መደቦች ውስጥ አዲስ ዝርያ በየጊዜው ይገኛል፤ መደቡ እየበዛ ሲሄድ አዲስ ስም የሚገኘው አልፎ አልፎ ብቻ ይሆናል። ተጨማሪ መደብ አዲስ ስም ማምጣቱን ባቆመ ጊዜ ናሙናው ደኑን ለመወከል ተቃርቧል ይባላል።

ቁጥር ሲያታልል

የዝርያን ስም ብዛት ብቻ መቁጠር ግን በቂ አይደለም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሲምፕሰን በ1949 ያወጣው አንድ የሒሳብ መንገድ ይህን ግልጽ ያደርግልናል። ሁለት ደኖች እያንዳንዳቸው 100 ዛፍና 4 ዝርያ አላቸው እንበል። በመጀመሪያው ደን ከእያንዳንዱ ዝርያ 25 ዛፍ አለ። በሁለተኛው ደን ግን ከአንዱ ዝርያ 97፣ ከቀሩት ከሦስቱ አንዳንድ ዛፍ ብቻ አለ። በስም ብዛት ቢታዩ ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ሁለቱም «4 ዝርያ» ተብለው ይጻፋሉ። የሲምፕሰን መንገድ ግን «ዓይንህን ጨፍነህ ሁለት ጊዜ ዛፍ ብትመርጥ፣ ሁለቱ የተለያየ ዝርያ የመሆናቸው ዕድል ምን ያህል ነው?» ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ደን ዕድሉ 75 በመቶ ነው፤ በሁለተኛው ግን 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። መደርደሪያው ሁሉ በአንድ ዓይነት ሳሙና ተሞልቶ ጥግ ላይ አንድ ክብሪት፣ አንድ ሻማና አንድ መርፌ ያስቀመጠ ባለ ሱቅ «አራት ዓይነት ዕቃ አለኝ» ቢል ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ሱቁ የሳሙና ሱቅ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ማታለል ደግሞ ሌላ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ወፎች ተደርጎ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በጥላ ሥር በሚመረተው የቡና መሬትና በአጠገቡ ባለው የተፈጥሮ ደን ወፎችን በመረብ እየያዘ አነጻጽሮ ነበር። ውጤቱ ለቡናችን ታላቅ ክብር የሚሰጥ ነው፤ በቡናው መሬት ላይ የተገኙት የወፍ ዝርያዎች በደኑ ውስጥ ከተገኙት ከእጥፍ በላይ ሆነዋል። ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽተው የሚመጡት ወፎች የተያዙትም በቡናው መሬት ነው። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ደኑ ሁሉ የቡና መሬት ቢሆን ይሻላል» ሊል ይችላል። ነገር ግን ያው ጥናት ከደን በቀር ሌላ ቤት የሌላቸው ወፎችና ከዛፎች ሥር ባለው ጥሻ ውስጥ ነፍሳትን እየለቀሙ የሚኖሩት ወፎች በብዛት የሚገኙት በተፈጥሮው ደን መሆኑን አረጋግጧል።

ከዚህ የምንማረው ቁጥሩ ከመነበቡ በፊት ስሙ መነበብ እንዳለበት ነው። በከተማና በእርሻም መኖር የሚችል ወፍ ቢጨመር ሒሳቡ ይሞላል፤ ደኑ ሲጠፋ አብሮት የሚጠፋው ወፍ ግን በሌላ ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ቆጠራ «ስንት አለ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ከነዚህ ውስጥ ከደኑ በቀር መኖሪያ የሌለው ስንቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ልጅ የሌለው ደን

በጤነኛ ደን ውስጥ ቡቃያው ከችግኙ፣ ችግኙ ከወጣቱ ዛፍ፣ ወጣቱም ከሽማግሌው ዛፍ በብዛት ይበልጣል፤ ብዙው በልጅነቱ ስለሚሞት ጥቂት ሽማግሌ ለማግኘት ብዙ ልጅ ያስፈልጋል። ከቡናው ሥር በየዓመቱ በሚመነጠር ደን ግን ይህ ሥርዓት ይፋለሳል። መንጣሪው ለቡናው ብርሃንና ቦታ ለማግኘት ሲል ቁጥቋጦውን ሲያጸዳ፣ ነገ የጥላ ዛፍ ሊሆን የሚችለውን የቀረሮና የጥቁር እንጨት ቡቃያም አብሮ ያጭደዋል። ዶክተር ፈይራ ሰንበታና ማንፍሬድ ዴኒሽ ስለ ብርሃነ ኮንትርና ስለ ሐረና ደኖች በ2006 ባሳተሙት ጥናት ቡናን ለማብዛት የሚደረገው ሥራ ትናንሾቹን ዛፎች፣ ቁጥቋጦውንና ሐረጉን እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ይህ ጉዳት ወዲያው አይታይም። ሽማግሌዎቹ ዛፎች ለብዙ ዓመታት ይቆማሉ፤ ከሰማይ የሚያየው ሳተላይትም አረንጓዴ ጣራ ያያል፤ ገዢውም የተስተካከለ ወረቀት ይደርሰዋል። ነገር ግን ሽማግሌዎቹ በየተራ ሲወድቁ ተተኪ አይገኝም። ገበሬው በወደቀው ፈንታ ፈጥኖ የሚያድገውን ሰሳን፣ ዋንዛን ወይም ብርብራን ይተክላል፤ እነዚህም መልካም የጥላ ዛፎች ናቸው፤ ዳሩ ግን በሦስትና በአራት ዝርያ የተተካ ደን ቀድሞ የነበረው ደን አይደለም። ዋናው ገንዘብ ተበልቶ አልቆ ሱቁ ግን ገና ክፍት ነው ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ሊቃውንት ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ቁጥር የሽማግሌዎቹ ሳይሆን የልጆቹ ቁጥር ነው ይላሉ።

ስለ ዘር ልዩነትም ተመሳሳይ ሥጋት አለ። ከምርምር ጣቢያ የወጡ የተመረጡ የቡና ዓይነቶች በደኑ ውስጥ ወይም በደኑ ዳር ሲተከሉ ዱቄታቸው ከዱሩ ቡና ጋራ ይቀላቀላል። ገበሬው የተመረጠውን ዘር መትከሉ ነቀፋ የለበትም፤ ምርቱ ይጨምርለታልና። ሆኖም ድብልቁ በየስፍራው ከበዛ፣ የዱሩ ቡና ለብዙ ሺህ ዓመታት ያከማቸው ልዩነት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ይህም መቀነሱ በዓይን አይታይም፤ በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ይታወቃል።

በገንዘብ ሲመዘን

ይህ ሁሉ ለነጋዴው ምን ይጠቅመዋል? መልሱ በቅርብ ታሪካችን ውስጥ ይገኛል። የቡና ፍሬን በዛፉ ላይ እያጠቆረ የሚያደርቀው በሽታ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1971 ነው። መድኃኒት መርጨት ለትንሽ ገበሬ የሚቻል አልነበረም። መድኃኒቱ የተገኘው ከራሱ ከደኑ ነው፤ መርማሪዎች በደቡብ ምዕራብ እየዞሩ በሽታው ያልጣላቸውን ዛፎች መርጠው ዘራቸውን አባዙ። ዛሬ ላኪዎች ሁሉ በቁጥራቸው የሚያውቋቸው 74110 እና 74112 የተባሉት ዓይነቶች በ1974 በኢሉባቦር በመቱ አካባቢ ከተገኙ እናት ዛፎች የተመረጡ ናቸው፤ ለገበሬም የተሰጡት በ1979 ነው። እነዚያ እናት ዛፎች ከዚያ ቀደም ብለው ተመንጥረው ቢሆን ኖሮ የዚያን ጊዜው ኪሳራ ምን ያህል በሆነ ነበር!

ከዚህም በቀር በ1964 ከኢትዮጵያ ተሰብስበው ወደ ውጭ ከተወሰዱ ዘሮች ከበቀሉት ዛፎች መካከል ካፌን የሌላቸው ሊባሉ የሚችሉ ሦስት ዛፎች መገኘታቸውን የብራዚል ሊቃውንት በ2004 አስታውቀዋል። ላርስ ሄይንና ፍራንዝ ጋትስቫይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2006 በኢትዮጵያ ደኖች የሚገኘው የቡና ዘር ልዩነት በገንዘብ ቢተመን ምን ያህል እንደሚሆን አሰቡ። በሽታን በመቋቋም፣ ካፌንን በመቀነስና ምርትን በመጨመር የሚያስገኘውን ጥቅም አስልተው፣ ወደፊት የሚገኘው ገንዘብ በዓመት 5 በመቶ እየተቀነሰ ሲታሰብ ዋጋውን 1,458 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር፣ በ10 በመቶ ሲታሰብ 420 ሚሊዮን ዶላር አድርሰውታል። ወለድን የሚያውቅ ነጋዴ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደመጣ ይገባዋል፤ የነገውን ገንዘብ አብዝቶ ለሚንቅ ሰው ደኑ ርካሽ ሆኖ ይታየዋል።

ጥቅሙ ለሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም፤ በዚያው ዓመት ምርት ላይም ይታያል። ለዚህ ከአገራችን ውጭ የተደረገ አንድ ልኬት ጥሩ ምስክር ነው። በኮስታ ሪካ በአንድ የቡና እርሻ ላይ ተደርጎ በ2004 የታተመው ጥናት እንደሚገልጸው፣ ከደን በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ቡና በዱር ንቦች ርዳታ ምርቱ 20 በመቶ ጨምሯል፤ በደንብ ባለመዳቀሉ ምክንያት አንድ ፍሬ ብቻ የሚይዘው ክብ ቡናም 27 በመቶ ቀንሷል። በእርሻው አጠገብ የነበሩት 46ና 111 ሄክታር የሆኑ ሁለት ትናንሽ ደኖች ለዚያ ለአንድ እርሻ በዓመት 60,000 ዶላር ያህል ያስገኙ ነበር። ደሞዝ ሳይከፈለው የሚሠራ ሠራተኛ ንብ ነው፤ ቤቱ ሲፈርስበት ግን ይሄዳል።

በሌላ በኩል የእንግሊዝ የኪው የዕፀዋት ተቋም ሊቃውንት በ2019 እንዳስታወቁት፣ በዓለም ላይ ከሚታወቁት 124 የዱር ቡና ዝርያዎች መካከል 60 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ተጋርጦባቸዋል። የዱሩ የአረቢካ ቡናም በዚህ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ድካሙን ማን ይክፈል?

ደኑን የሚጠብቀው በደኑ ዳር የሚኖረው ገበሬ ነው። የደን ቡና በሄክታር የሚሰጠው ምርት ጥቂት ነው፤ ምንጠራው ሲበዛ ግን ምርቱ ይጨምራል። ለሁለቱ የሚከፈለው ዋጋ አንድ ከሆነ ገበሬው የበለጠ ቢመነጥር ሊፈረድበት አይገባም፤ ሒሳብ ማወቁ ነው። እንግዲያውስ ልኬት ያስፈለገው ደኑን በመጠን የያዘውን ገበሬ ከሌላው ለይቶ ለድካሙ ዋጋ ለመክፈል ነው።

በ2008 የምርት ገበያው ከተቋቋመ በኋላ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ሲሸጥ የአንዱን ደን ቡና ከሌላው ለይቶ ወደ ውጭ መላክ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። በ2017 የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ግን ምንጩ ታውቆ ለሚላክ ቡና በር ከፍቷል። በሩ ከተከፈተ የሚቀረው ማስረጃ ማቅረብ ነው።

የምስክር ወረቀት ጥቅም እንዳለውም ተለክቷል። በጅማ አካባቢ በሚገኘው በበለጠ ጌራ ደን የጃፓን ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት፣ የጥላ ቡና የምስክር ወረቀት ባገኙት ስፍራዎች ደኑ ጠባዩን ጠብቆ ሲቆይ፣ ባላገኙት ግን እየተጎሳቆለ ሄዷል። ይሁን እንጂ ምስክር ወረቀት ሁሉ እኩል አይደለም። አንዳንዱ የሚጠይቀው ዛፍ መኖሩን ብቻ ነው፤ ሌላው ግን በቁጥር ይናገራል። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካው የስሚዝሶንያን ተቋም ለወፎች ተስማሚ ለሚለው ቡና ጥላው ቢያንስ 40 በመቶ እንዲሸፍን፣ ዋናዎቹ የጥላ ዛፎች ቢያንስ 12 ሜትር እንዲረዝሙና ከእነርሱ ሌላ ቢያንስ 10 የእንጨት ዝርያ እንዲኖር ያዛል።

ማነጻጸሪያውም ከእጃችን አልራቀም። የያዩ የቡና ደን በ2010 በዩኔስኮ ዘንድ በተጠበቀ ስፍራነት ሲመዘገብ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ነበር። ከዚህም ውስጥ 27,733 ሄክታር፣ ማለት ከስድስት እጅ አንዱ ያህል፣ ሳይነካ እንዲጠበቅ የተለየ ዋና ክልል ነው፤ 21,552 ሄክታሩ በዙሪያው ያለ መከላከያ ክልል፣ የቀረው 117,736 ሄክታር ደግሞ ሰው እየኖረ የሚሠራበት ነው። ሚዛን ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በታወቀ ድንጋይ ሲፈተሽ ነው። ያልተነካው ዋና ክልል ለቡናው ደን የሚዛን ድንጋይ ነው፤ በአንድ ዘዴ ሁለቱንም ስፍራ ለክቶ ማነጻጸር ልዩነቱን ያወጣዋል። በዚያው በ2010 የካፋ ደን፣ በ2012 ደግሞ የሸካ ደን ተመሳሳይ ማዕረግ አግኝተዋል።

ለነጋዴው የሚቀርብ ምክር

ነጋዴ የደን መርማሪ ይሁን ለማለት አንፈልግም፤ ነገር ግን የወርቅ ነጋዴ ወርቅ ሳያቀልጥ ጥሩውን ከመጥፎው ለይቶ እንደሚያውቅ፣ የቡና ነጋዴም የደን ቆጠራን መዝገብ አንብቦ መረዳት ይገባዋል። «ይህ ቡና ከደን ነው» የሚል ወረቀት ሲቀርብለት ወይም ራሱ ሲያቀርብ አራት ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባል።

አንደኛ፤ መደቦቹ የተመረጡት እንዴት ነው? ብዛታቸውስ ስንት ነው? በአንድ ጥግ የተወሰደ ናሙና ለደኑ ሁሉ አይመሰክርም።

ሁለተኛ፤ ከዝርያዎቹ ብዛት ሌላ ስማቸው ተጽፏልን? ከደን በቀር መኖሪያ የሌላቸውስ ተለይተዋልን?

ሦስተኛ፤ ቡቃያውና ችግኙ ተቆጥሯልን? ልጅ የሌለው ደን የሚመሰገነው ለአባቶቹ እስኪያልቁ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ቆጠራው ስንት ጊዜ ተደርጓል? በማንስ ላይ ተነጻጽሯል? አንድ ጊዜ የተቆጠረ መጋዘን ስለዚያ ቀን ብቻ ይናገራል፤ ትርፍና ኪሳራ የሚታወቀው ሁለተኛው ቆጠራ ከመጀመሪያው ጎን ሲቀመጥ ነው።

ይህን ሥራ ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ ብቻ የሚሠራው መሆን የለበትም። በ1990ዎቹ ዓመታት በጭሊሞና በቦንጋ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ የአካባቢው ሕዝብ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን በውል ተረክቦ እንዲጠብቅና እንዲጠቀም ያደርጋል። የማኅበሩ አባላት ዛፉን በስሙ ያውቁታል፤ የሜትር ገመድ፣ መዝገብና ጥቂት ሥልጠና ቢያገኙ በየሁለት ዓመቱ መደቦቻቸውን ራሳቸው ሊቆጥሩ ይችላሉ። ላኪው ከሚገዛው ቡና ላይ ለዚህ ጥቂት ሳንቲም ቢመድብ ገንዘቡ ልግስና ሆኖ ሊቆጠር አይገባውም፤ የመጋዘኑ ዘበኛ ደሞዝ ነው።

«ካያያዝ ይቀደዳል» እንደሚባለው፣ ደን የሚጠፋው በመጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ በአያያዝም ይጠፋል። ቡና የሚሰጠንን ደን በመጠን ይዘን፣ መጠኑንም በየጊዜው ለክተን፣ ለጠባቂው ገበሬ የሚገባውን ዋጋ ከከፈልን ትርፉን እየወሰድን ዋናውን ለልጆቻችን ማቆየት እንችላለን። ሳንቆጥር ከቀጠልን ግን ባዶውን መደርደሪያ የምናየው በሽታ ወይም ድርቅ መጥቶ አዲስ ዘር ፍለጋ ወደ ደኑ በተመለስን ቀን ይሆናል።